እማዬ፣ የማታውን ኪኒን አትዝለይው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። አንዱን ኩላሊቴን ስሰጥሽ የነበረው የቀዶ ጥገና ቁስልም ከዳነ ቆየ፣ ስለ እኔ አታስቢ።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። «የልጄ ኩላሊት አይደል? የገዛ ሥጋዬ ነው፣ ለምዶኛል» ብለሽ የማታውን ኪኒን አንዳንዴ እንደምታልፊው ነገርሽኝ። እንዳልቆጣሽ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ።

እማዬ፣ እኔ ግማሼ ካንቺ ነው፣ ግማሼ ከአባዬ። ነጭ የደም ሴሎችሽ የራስን ከባዕድ የሚለዩበት ምልክትም እንዲሁ ነው። ያንቺን ግማሽ እንደ ራሳቸው ያዩታል፤ የአባዬ ግማሽ ግን ባዕድ ነው። ምናልባትም አዲስ አይሆንባቸውም፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። እርግዝና የእናትን ሰውነት ከአባት ወገን ምልክት ጋር ሊያስተዋውቅ ይችላል። ያኔ የተፈጠሩ ሴሎች ለዓመታት ሳይረሱ ሊቆዩ ይችላሉ። ከንቅለ ተከላው በፊት ያንቺን ደም ከኔ ሴሎች ጋር ያገናኙት አንዱ ለዚህ ነበር። ውጤቱ መልካም ሆነ፣ ተመስገን። ምርመራው የሚያየው ግን በደምሽ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው እንጂ፣ የሚያስታውሱትን ሴሎች ሁሉ አይደለም።

ጠዋትና ማታ የምትውጪው ታክሮሊመስ ሴሎቹን አይገድላቸውም። ቲ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ባዕድ ነገር ሲያገኝ፣ ውስጡ ካልሲኒዩሪን የሚባል ኤንዛይም ይነሳል። ከዚያ ሴሉ ሌሎቹን የሚቀሰቅስ መልእክት ያመርታል። ታክሮሊመስ ያንን ኤንዛይም ጠፍሮ ይይዘዋል። ሴሉ ኩላሊቱን ያየዋል፣ መጣራት ግን ያቅተዋል። ሌላው መድኃኒትሽ ማይኮፌኖሌት ደግሞ ሴሎቹ እንዳይባዙ ያግዳል። መድኃኒቱ ከደምሽ ሲቀንስ አፋቸው ይፈታል። የሚያስታውሱት ሴሎች ደግሞ ለመነሳት ትንሽ ነገር ይበቃቸዋል፤ መድኃኒቱም እንደ አዲሶቹ በቀላሉ አይገታቸውም።

እና ሰላም የሆንሽው ሰውነትሽ ስለለመደ አይደለም፣ ኪኒኑ ስለሠራ ነው። ኩላሊቱ ሲጠቃ ላያምሽም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ክሪያቲኒን፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ፣ በደም ምርመራ ከፍ ሲል ነው የሚታወቀው።

እ.ኤ.አ. በ1954 ቦስተን ውስጥ እነ ዶክተር ጆሴፍ መሪ ኩላሊት የተከሉለት ሰው ያለ እነዚህ መድኃኒቶች ኖሯል። ግን ኩላሊቱን የሰጠው ቁርጥ እሱን የሚመስል መንትያ ወንድሙ ነበር። እኔና አንቺ እንደዚያ አይደለንም።

እጅሽ እንደሚንቀጠቀጥ አውቃለሁ። ስኒ ስታነሺ አይቼ አንጀቴ ተላውሷል። ታክሮሊመስ ያንን ያመጣል። ለሐኪምሽ ንገሪው፣ በደምሽ ያለውን የመድኃኒቱን መጠን አይቶ ያስተካክለዋል። አንቺ በራስሽ አትቀንሺ። በምርመራው ቀን የጠዋቱን ኪኒን ደም ከሰጠሽ በኋላ ዋጪ። ትኩሳት ከተሰማሽም እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ደውዪላቸው።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። ይሄ ደብዳቤ ከደረሰሽ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ 2 ሰዓት ላይ እደውልልሻለሁ። ኪኒኑን ይዘሽ ጠብቂኝ፣ ስትውጪው ልስማሽ።

የሚናፍቅሽ ልጅሽ