ከጫማው በፊት ወለሉ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል አዳማ ውስጥ የልጆች ዳንስ ሥልጠና ማስታወቂያ በየምሰሶው ይለጠፋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ባሌትም አብሮ ይጻፍበታል። ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ወላጆች ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ «ጫፉ ላይ የሚቆምበትን ጫማ መቼ ታደርጋለች?» እና «ውጭ አገር የሚቀበላት ትምህርት ቤት ይኖራል?»። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከሁለቱም በፊት ግን አንድ ሌላ መጠየቅ አለበት፤ ልጄ የምትዘለው ምን ላይ ነው?

ለሥልጠና የሚከራዩ አዳራሾች ወለላቸው ባብዛኛው ሴራሚክ ወይም ሊሾ ነው። መሠረቱን በያዘ ልጅ የአንድ ሰዓት ተኩል ትምህርት ውስጥ ትናንሾቹና ትልልቆቹ ዝላዮች ሲደመሩ በቀላሉ ከ100 ያልፋሉ። ሲሚንቶ አይለጥም፤ የልጁ እግር መሬት ሲመታ የምቱ ኃይል ሁሉ ወደ ቅልጥሙ ይመለሳል። መጀመሪያ የሚመጣው በቅልጥም የውስጥ ጠርዝ በኩል የተዘረጋ ሕመም ነው። ያኔ ዝላይ ቆሞ ዕረፍት ከተሰጠው ይድናል። ሕመሙ በአንድ ጣት ነክቶ «እዚህ ጋ» የሚባል ነጥብ ላይ ከተሰበሰበ፣ ሌሊትም ካልተወ፣ አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላልና በፋሻ ጠቅልሎ ማሠራት አይገባም፤ ሐኪም ይየው።

ወላጅ ወለሉን ለመፈተሽ ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም። ጫማ አውልቆ በካልሲ አዳራሹ መሐል ቆሞ ሦስት ጊዜ መዝለል ይበቃል። ጥሩ ወለል ከሥሩ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ሲያርፉበትም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። በሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ፕላስቲክ እንዳያንሸራትት ብቻ ነው የሚጠቅመው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው ማለት ግን ልጅ አይመዝገብ ማለት አይደለም። ፕሊዬ (ጉልበትን ማጠፍ)፣ ታንዱ (እግርን መሬት ላይ እያንሸራተቱ መዘርጋት)፣ የእጅ አያያዝ፣ ሚዛን፣ ሙዚቃ መስማት በየትኛውም ወለል ይሠራል። አሠልጣኙን «ዝላዩን ምን ታደርገዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እቀንሳለሁ፣ ፍራሽ ላይ አሠራለሁ» ካለ ሥራውን ያውቃል። «ልጅ ነች፣ ምንም አትሆንም» ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ሁለተኛው መመልከቻ ዕድገት ነው። በየወሩ መጀመሪያ ልጁን በባዶ እግሩ ከበር መቃን ጋር አስጠግቶ በእርሳስ ምልክት ማድረግ ለባሌት ወላጅ ትልቅ መረጃ ይሰጣል። በሦስት ወር ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከጨመረ ፈጣኑ ዕድገት ገብቷል፤ ለሴቶች ልጆች ባብዛኛው 11 እና 12 ዓመት ላይ፣ ለወንዶች ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ ይመጣል። በዚያ ጊዜ አጥንት ከጡንቻ ይቀድማል። ትናንት በቀላሉ ይነሣ የነበረ እግር ይከብዳል፣ ሚዛን ይጠፋል፣ ከጉልበት ሎሚ በታች ወይም ተረከዝ ላይ ሕመም ይመጣል። «ሰነፈች» ተብላ የምትገሠጸው ልጅ ብዙ ጊዜ ያደገች ልጅ ናት። መፍትሔው ዝላይንና ትልቅ የእግር ውርወራን ለጥቂት ወራት መቀነስ እንጂ ማስቆም አይደለም። የሳምንት ሰዓትም ገደብ ይኑረው፤ የልጁ ዕድሜ በዓመት ስንት ነው? የሳምንቱ የሥልጠና ሰዓት ከዚያ ቁጥር አይለፍ፣ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍት ይሁን። ለ7 ዓመት ልጅ በሳምንት አንድ ጊዜ 45 ደቂቃ በቂ ነው፤ ለ10 ዓመት ልጅ ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት።

እዚህ ላይ ሳይባል የማይታለፍ ነገር አለ። ልጅ እግሩን ከፍቶ መሬት እንዲነካ ከኋላ ሆኖ መጫን፣ ጀርባው ላይ መቀመጥ፣ ሁለት ልጆች ሦስተኛውን እንዲጎትቱ ማድረግ በአንዳንድ ቦታ እንደ ሥልጠና ይቆጠራል። ይህ ጅማት ይበጥሳል፣ የጭን መጋጠሚያን ይጎዳል። መሳሳብ ሰውነት ከሞቀ በኋላ፣ በትምህርቱ መጨረሻ፣ ልጁ ራሱ በሚቆጣጠረው ልክ፣ ለ30 ሰከንድ ያህል ነው። እግርን ወደ ውጭ ማዞርም እንዲሁ ከዳሌ መምጣት አለበት። መሬት ላይ ጫማውን ወደ ጎን አሽከርክሮ ጉልበቱ ወደ ፊት የቀረ ልጅ ጉልበቱን እየጠመዘዘ ነው። ወላጅ በቀላሉ ሊያየው ይችላል፤ ልጁ ፕሊዬ ሲሠራ የጉልበቱ ሎሚ ከሁለተኛው የእግር ጣት በላይ ይውላል ወይስ ወደ ውስጥ ይወድቃል?

የእኛ ልጆች ረገዳንና እስክስታን እያዩ ስለሚያድጉ ምት ላይ አይቸገሩም። ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። ባሌት ውስጥ ግን ትከሻ ዝቅ ብሎ ዝም ይላል፣ አንገት ይረዝማል። ትከሻን መንቀል የለመደ ልጅ ይህን ለመያዝ ወራት ቢወስድበት ችሎታ የለውም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ጫማው። ለስላሳው የባሌት ጫማ እግር ላይ እንደ ካልሲ ልክክ ማለት አለበት፤ ጣቶች ሳይታጠፉ ጫፉን ይነካሉ። «ነገ ያድጋል» ተብሎ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ሲገዛ ትርፉ ጨርቅ ከጣት ፊት ይታጠፍና ያደናቅፋል። ላስቲኩ ብዙ ጊዜ ሳይሰፋ ነው የሚመጣው። ቦታውን ለማግኘት የተረከዙን ጨርቅ ወደ ውስጥ ማጠፍ ነው፤ እጥፋቱ ጎንና ጎን የሚፈጥረው ማዕዘን ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግና ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ይሰፋል። መርፌው በጠርዙ ውስጥ የሚያልፈውን ማጥበቂያ ክር እንዳይወጋ፤ ከወጋው ጫማው ከዚያ በኋላ አይጠብቅም። ክሩ ታስሮ ትርፉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ተንጠልጥሎ አይታይም።

ጫፉ ላይ የሚቆምበት የፖይንት ጫማ ጉዳይ ሌላ ነው። ፊቱ በሙጫ የተደራረበ ጨርቅና ወረቀት ነው፣ ከውስጥ እግር ሥር ደግሞ ጠንካራ ድጋፍ አለው። ሰውነትን የሚሸከሙት ግን ሁለቱ ናቸው ማለት አይደለም፤ ቁርጭምጭሚት፣ ጭንና ሆድ ናቸው። ዝግጁነት በዕድሜ ብቻ አይለካም፤ ከ11 ዓመት በታች ግን ባይታሰብ ይሻላል። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1920 የተቋቋመው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ዳንስ የመጀመሪያውን የሙያ ደረጃ ፈተና ለመፈተን ቢያንስ 11 ዓመት ይጠይቃል። ከዕድሜው በተጨማሪ በሳምንት ሁለትና ከዚያ በላይ ትምህርት እየወሰዱ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ማለፍ አለበት። ከዚያ ቤት ውስጥም የሚታዩ ፈተናዎች አሉ። ልጅቷ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ጣቶቿን ስታሾል ማስመሪያ ከቅልጥሟ እስከ እግሯ ጀርባ ቀጥ ብሎ ይተኛል? በአንድ እግር ቆማ ጉልበቷ ሳይታጠፍ 20 ጊዜ በጣቶቿ ትነሣለች? በአንድ እግር ቆማ፣ ሰውነቷን ወደ ፊት አዘንብላ፣ ሌላውን እግር ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሳይወድቅ አምስት ጊዜ ዝቅ ብላ ትነሣለች? አንዱ ከጎደለ ስድስት ወር መጠበቅ ነው።

ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ አሮጌ የፖይንት ጫማ በፍጹም አይደረግ። ጫማው የቀድሞዋን ልጅ እግር ቅርጽ ይዟል፣ ፊቱም ለስልሷል፤ የለሰለሰ ጫማ ልጅቷን ወደ አውራ ጣቷ ያሰጥማታል። አዲሱም ቢሆን በቁጥር ታዝዞ አይገዛም፤ ሰው እግሯን አይቶ ያለብሳታል። ስለ ቀለም ደግሞ፣ ጥብቅ ሱሪውና ጫማው ሮዝ መሆን የለበትም። ዳንስ ቲያተር ኦፍ ሃርለም የተባለው የኒው ዮርክ የባሌት ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዳንሰኞቹን በቆዳቸው ቀለም ያለብሳል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ፍሪድ የተባለው የለንደን ጫማ ሠሪ ቡናማ የፖይንት ጫማ ይሠራል። ጠባቡ ልብስ የሚከብዳቸው ቤተሰቦች አጭር ቀሚስና ረጅም እጅጌ ማልበስ ይችላሉ፤ ጉልበትና ዳሌ ለአሠልጣኙ ከታየ ይበቃል።

በምግብ ላይ የሚሠራው ስሕተት ከጫማው የባሰ ነው። የምታድግ ልጅ እየሠራች ትበላለች እንጂ እየተራበች አትሠራም። ልጅን በሰው ፊት ሚዛን ላይ የሚያቆም አሠልጣኝ ዘንድ ልጅ አይቆይ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የምትጾም ልጅ ከጤፍ እንጀራ፣ ከምስርና ከሽምብራ ብረት ታገኛለች፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ ከተጨመረበት ሰውነት ይበልጥ ይወስደዋል፣ ሻይ ወዲያው ከተከተለ ግን ይቀንሰዋል። ሰሊጥና ጎመን ካልሲየም ይሰጣሉ። ሥልጠናው ምግብ ከተበላ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን፤ በጾም ሆድ ዝላይ የለም፣ ለረመዳንም እንዲሁ። በአዳማ ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚደረግ ሥልጠና ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፣ ውኃውም በየ20 ደቂቃው። የ15 ዓመት ልጅ የወር አበባዋ ካልጀመረ፣ ወይም ጀምሮ ለሦስት ወር ከቀረ፣ ከምግብ ማነስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅ ይዞ አዲስ አበባ መመላለስን በተመለከተ፣ ከ10 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል። በፈጣን መንገዱም ቢሆን ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለአንድ ትምህርት ይሄዳል። በዚያ ዕድሜ እዚሁ ጂምናስቲክ፣ ሰርከስ ወይም የባህል ውዝዋዜ ቢማር ሰውነቱ ይሠራል። ከ10 ዓመት በኋላ ከተሄደ በአንድ ቀን ሁለት ትምህርት ከዕረፍት ጋር ተወስዶ በሳምንቱ መሐል ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ቤት ውስጥ ቢደገም ይጠቅማል። መኪና ውስጥ የቆየ ልጅ ዳሌው ተይዞ ስለሚደርስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ ይሙቅ። ቤት ውስጥ ለመያዣ ወንበር አይሁን፣ ይገለበጣል፤ በወገብ ልክ ያለ የመስኮት ደፍ ይሻላል። ሴራሚክ ላይ ግን ዝላይ የለም።

የውጭ ትምህርት ቤት ጥያቄ የሚመለሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የፓሪስ ኦፔራ የዳንስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1713፣ የቅዱስ ፒተርስበርጉ ቫጋኖቫ ከ1738 ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ቫጋኖቫ በ10 ዓመት ገደማ፣ የለንደኑ ሮያል ባሌት ስኩል ታችኛው ክፍል በ11 ዓመት ይቀበላሉ። ይህን የሰማ የ13 ዓመት ልጅ ወላጅ አይደንግጥ። የሮያል ባሌት ስኩል ላይኛው ክፍል ከ16 ዓመት ይጀምራል፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ የሚካሄደው የሎዛኑ የወጣት ዳንሰኞች ውድድር ከ15 እስከ 18 ዓመት ላሉ ነው። አሜሪካዊቷ የባሌት ዳንሰኛ ሚስቲ ኮፕላንድ የጀመረችው በ13 ዓመቷ ነው። እሷ ግን እጅግ ብርቅ ናት፣ በእሷ ልክ ቤተሰብ ዕቅድ አያወጣም። ለወንዶች ልጆች በ12 እና በ13 ዓመት መጀመር ዘገየ አይባልም።

አፍሪካ ውስጥም መንገድ አለ። የካይሮው የባሌት ከፍተኛ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ አለ፤ በጆሃንስበርግ ናሽናል ስኩል ኦፍ ዘ አርትስ መደበኛ ትምህርትን ከዳንስ ጋር ያስተምራል፤ ናይሮቢ ውስጥ ዳንስ ሴንተር ኬንያ አለ። ዘመናዊ የአፍሪካ ዳንስ ለሚሻ ወጣት ሴኔጋል ውስጥ ዠርሜን አኮኚ ያቋቋሙት ኤኮል ዴ ሳብል አለ። አገር ውስጥም ከአዱኛ የዳንስ ቲያትር የወጡት ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ያቋቋሙት ዴስቲኖ የተባለው የዳንስ ቡድን፣ ባሌትን በሕፃንነቱ ላልጀመረ ወጣትም ዳንስ ሙያ እንደሚሆን ያሳየ ነው።

ገንዘብ የሚበላው ወጥመድ የክረምት ኮርስ ደብዳቤ ነው። «ተቀብለንሻል» የሚል ደብዳቤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ከፍሎ መማር እንጂ ትምህርት ቤቱ መግባት አይደለም። የደረጃ ፈተና ማለፍም ለሙያ ትምህርት ቤት መመረጥ አይደለም። ለእውነተኛው ማመልከቻ የሚላክ ቪዲዮ በአንድ ቦታ በቆመ ካሜራ፣ ከራስ እስከ ጫማ እየታየ፣ ሳይቆራረጥ፣ ብርሃኑ ከፊት ሆኖ ይቀረጽ፤ ጌጥም ረጅም ቀሚስም አይኑር። ትምህርት ቤቱ ሲመልስ ወላጅ የሚከተሉትን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ በየዓመቱ ስንት ተማሪ «አልቻልሽም» ተብሎ ይሰናበታል? የተሰናበተ ልጅ በዓመቱ አጋማሽ የት ይገባል? ቋሚ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለ? የትምህርት ማስረጃው ኢትዮጵያ ውስጥ ከስንተኛ ክፍል ጋር ይተካከላል? የፓሪስ ኦፔራ ዳንሰኛ እንኳ በ42 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ሌላው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት ያቆማል። ስለዚህ የ8ኛም የ12ኛም ክፍል ፈተና በዳንስ ምክንያት አይዘለል፣ ፈተናው ሲቃረብ የሥልጠናው ሰዓት ይቀነስ።

ለከተማው አስተዳደር አንድ ጥያቄ አለ። ከወጣት ማዕከላቱ በአንዱ 8 በ10 ሜትር የሆነ አዳራሽ የሚለጥ ወለል ይሠራለት። ወለሉ ሁለት ንብርብር ኮምፔንሳቶ ነው፤ የላይኛው መገጣጠሚያ ከታችኛው ጋር እንዳይገጥም ተዛንፎ ይነጠፋል። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው ጣውላ ለአንዱ ንብርብር 27፣ ከቁርጥራጩ ጋር ለሁለቱ 60 ያህል ይፈጃል። ከታችኛው ሥር በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ጠንካራ ስፖንጅ ይጣበቃል፣ በአንድ ጣውላ ወደ 32 ቁራጭ። ዙሪያውን ከግድግዳው 1 ሴንቲ ሜትር ይለቀቅ፣ እንጨቱ በእርጥበት ሲያብጥ እንዳይነሣ። ብሎኑ ከላይ ገብቶ ራሱ ይቀበር፣ ከላይ የማያንሸራትት ፕላስቲክ ይነጠፍ። ጂምናስቲኩም ሰርከሱም ውዝዋዜውም ይጠቀምበታል።

ከአዳማ፣ የሕፃናት ዳንስ አሠልጣኞች