የታሪክና ቅርስ ክበብ፦ ከቀዳዳዋ ወዲህና ወዲያ

ክበባችን በ2016 ዓ.ም. 27 አባላት ነበሩት። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የሠራነው ብዙ የሚነገርለት አይደለም፤ የግድግዳ ጋዜጣ ሁለት ጊዜ አወጣን፣ የጥያቄና መልስ ውድድር ራሳችን አዘጋጅተን ራሳችን ተሸነፍን። ነገር የተጀመረው በየካቲት ነው።

በዚያ ወር ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ስንሄድ አንድ ብራና ፋቂ አብረውን እንዲመጡ ለመንኳቸው። መፋቅ ብቻ ሳይሆን ይጽፋሉ፣ ይጠርዛሉ፣ ሽፋኑን በቆዳ ይደጉሳሉም። ተማሪዎቹ ገና አውቶቡስ ውስጥ ሳሉ «የኔታ» ማለት ጀመሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብራና ጋር ኖረው ሙዚየም ገብተው አያውቁም ነበር። «የእጄን ሥራ ለማየት ደግሞ ትኬት ልቁረጥ?» ብለው በሩ ላይ ሳቁ።

ሕንፃው ቀድሞ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው በ1954 ዓ.ም. ነው። ይህን ስናገር የሰማኝ የለም፤ ልጆቹ ልባቸው የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ላይ ነበር። ከመካከለኛው ዘመን መስቀሎችና በእንጨት ገበታ ላይ ከተሳሉት ሥዕላት ዘንድ ስንደርስ፣ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ስለነበረው ሠዓሊ ስለ ፍሬ ጽዮን ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ ጀመርኩ። ዞር ስል ግማሾቹ የሉም።

የኔታን ከበዋል። እርሳቸው በመስታወት ውስጥ ተገልጦ በተቀመጠ የብራና መጽሐፍ ላይ አጎንብሰዋል። ሐረጉንም (የገጹን የቀለም ጌጥ) ሥዕሉንም ትተው የሚያዩት በገጹ ላይ ያለችውን ምስር የምታክል ቀዳዳ ነው።

«አይጥ በልቶት ነው?» አለ አንዱ።

«አይጥ የሚበላው ጠርዙን ነው፤ ይህቺ የቢላዋ ናት።»

ፍየሉ ሲገፈፍ ቢላዋው ቆዳውን ጫር ያደርገዋል፤ ጭረቱ ያን ጊዜ ለዓይን አይታይም። ቆዳው ርሶ መወጠሪያው ላይ ሲሳብ ግን ይከፈታል፣ እየከበበም ይሄዳል። ጸሐፊው ቆዳውን አልጣለውም፤ ቃሉን ከቀዳዳዋ ወዲህና ወዲያ ከፍሎ መስመሩን ቀጥሏል። ቀጥለው የኅዳጉን ጥቃቅን ነጥቦች አሳዩን፤ ወስፌ የወጋቸው ናቸው። ከነጥብ እስከ ነጥብ በደነዘ ጫፍ ያለ ቀለም ይሰመራል፤ ፊደሉ የሚሰቀለው በዚያ ላይ ነው። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ገጾች ለምን አንድ መልክ እንዳላቸው ሲጠይቁንም መልስ የሰጠ አልነበረም። የጸጉሩ ወገን ወደ ቢጫ ያደላል፣ የሥጋው ወገን ይነጣል፤ ጥራዙ ሲደረደር ጸጉር ከጸጉር፣ ሥጋ ከሥጋ ይገጥማል። እኔ ስንት ዓመት ታሪክ ሳስተምር እነዚህን ገጾች በሥዕላቸው ብቻ ነበር የማውቃቸው።

ከጉብኝቱ በኋላ ሦስት የፍየል ቆዳ ገዝተን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ በርሜል ውስጥ ነከርን። ሽታውን በተመለከተ ከ9ኛ ክፍል የቀረበብንን አቤቱታ አልዘረዝርም፤ እውነታቸውን ነበር። አንዱ ቆዳ በርሜሉ ውስጥ ተረስቶ ተበላሸ፣ ሁለተኛውን ጉልበታም ልጆች ሲወጥሩት ተተረተረ። ሦስተኛውን መፋቅ ሳምንታት ወሰደ፤ ክንዳቸው ዝሎ በማግሥቱ እስክሪብቶ መያዝ እንዳቃታቸው የነገሩኝ አሉ (የቤት ሥራ ያልሠሩትም ይህንኑ ምክንያት ተጠቅመውበታል)። የኔታ ሁለት ጊዜ መጥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና «ገና ፍየል ነው» ብለው ሄዱ። በሦስተኛው ዝም አሉ፤ እኛም ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርነው።

በሰኔ፣ ለወላጆች ቀን፣ የአባላቱን ስም በመቃ ብዕር ጻፍንበት። የእኛም ብራና ቀዳዳ ነበረው፤ ያውም ከሙዚየሙ የሚሰፋ። የክበቡ ጸሐፊ ልትዘለው ብዕሯን አነሣች፤ ጥቂት አሰበችና የራሷን ስም እዚያው አዋለችው፤ ሁለት ፊደል ከቀዳዳው ወዲህ፣ ሁለት ወዲያ። ብራናው አሁን በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ተሰቅሏል። ዝናብ ሲዘንብ ትንሽ ይሸታል።