ሰውን በአፉ አትመዝኚ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል። በሐዋሳው የስፌት ፋብሪካ የመስመር መሪ ሆነሽ መሾምሽን የሰማን ዕለት ቤታችን እልልታ በእልልታ ሆኖ ነበር። ባለፈው ሳምንት አክስትሽ ከሐዋሳ ደውላ፣ ግቢዋ ከተከራዩት ልጆች የሰማችውን ስትነግረኝ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ከሲዳምኛ በቀር እምብዛም የማትሰማ አዲስ ልጅ የፈረቃ ለውጡን ሳታውቅ ቀርታ እንደ ቀሪ ተቆጥራለች፤ ልታስረዳሽ ስትሞክር ደግሞ በአማርኛዋ ስቀሽባታል አሉ። ልጄ፣ ሰውን በአፉ አትመዝኚ።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌላም አካባቢ ገጠር ስንት ወጣት ሴቶች እየመጡ የስፌት መኪና ፊት እንደሚቀመጡ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የሳቅሽባት ልጅ በአገሯ ናት፤ ከአዳማ የሄድሽው እንግዳ አንቺ ነሽ። ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀልሽ ያደግሽ ልጅ በሌላው አንደበት መሳቅን ከየት ተማርሽው? አማርኛ ማወቅ ስፌት ማወቅ አይደለም።

እኔ በወጣትነቴ፣ ከተማችን ናዝሬት ስትባል፣ አንድ ብስኩት ፋብሪካ ካርቶን አሽግ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አጠገቤ መስማት የተሳናት ሴት ትሠራ ነበር። ካርቶኑ ሲያልፍ አውራ ጣቷን በተጣበቀው ጠርዝ ላይ ታሳልፍና፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ እያለ እንኳ፣ ሙጫ ያልያዘውን ለይታ ታወጣዋለች፤ ከመካከላችን እንዲህ የሚችል አልነበረም። አንድ ቀን አለቃው የመግቢያ ሰዓት መለወጡን በምሳ ሰዓት ቆሞ በቃል ተናገረ። እሷ በማግስቱ በለመደችው ሰዓት መጥታ ከበር ተመለሰች፤ ነገሩ ሲደጋገም «ትእዛዝ አትሰማም» ተብላ ተሰናበተች። ትእዛዙን የሚያደርሱበትን መንገድ ሳያስቡ እሷን ጥፋተኛ አደረጓት። ብዙም ሳይቆይ አፋቸው የተከፈተ ካርቶኖች ከገበያ ይመለሱ ጀመር፤ አለቆቹ ግን ምክንያቱን በሙጫው ላይ ፈለጉ። ቤቷን አለማወቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በአፏ መዘኗት እንጂ በእጇ አልመዘኗትም።

ያኔ አካል ጉዳተኞች በሥራ ላይ ስላላቸው መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አልወጣም ነበር፤ ዛሬ ሥራውንና ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ማመቻቸት የአሠሪው ግዴታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሠራተኞችን በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ወይም በአካል ጉዳት መለየትን ይከለክላል። ነገር ግን አዋጁ ቢሮ ይቀመጣል፤ መስመሩ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ የፈረቃ ለውጥ በኖረ ቁጥር በአማርኛ ብቻ ተናግረሽ አትለፊ፤ በሲዳምኛና በወላይትኛ የሚያደርሱልሽን ልጆች መድቢ፤ ሰዓቱንም በትልቅ ቁጥር ጽፈሽ ለጥፊ። የገባት መሆኑን «ገባሽ?» በማለት አታረጋግጪ፤ ሁሉም አዎ ይላል። መቼ እንደምትገባ ራሷ ትንገርሽ። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፊቼ ጫምባላላ ፈቃድ የምትጠይቅሽንም ለፋሲካ እንደምትጠይቅሽ ቁጠሪያት። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው፤ ሰው አነሰኝ ብለሽ እንዳትለምኛት፣ አለቃዋ ስትለምናት እንቢ ማለት ይከብዳታል። ደግሜ እልሻለሁ፣ በአፍ አትመዝኚ፤ ዝም ያለችው ሁሉ አልተስማማችም።

አውቃለሁ፣ ከላይ የምርት ኮታ ይጠይቁሻል፣ ከታች ደግሞ ያኮርፉሻል፤ ምሳሽንም በወጉ አትበዪም። እናትሽ ነኝና ይህ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም የምቆጣሽ።

ነገ እንደገባሽ ልጅቷን በምታምነው አስተርጓሚ ይቅርታ ጠይቂያት፤ ስትስቂ ያዩሽ ልጆች ባሉበት ይሁን። ማስታወቂያው ያልደረሳት መሆኑን ደመወዝ ከመዘጋቱ በፊት ለሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ አሳውቂ፤ ግልባጩን ያዢ። አክስትሽን ደግሞ ለምን ነገርሻት ብለሽ እንዳትቆጫት፤ የላክሁልሽን በሶና በርበሬ እሁድ ሄደሽ ከእሷ ውሰጂ።

እናትሽ
ከአዳማ