መስከረም የሌለበት ዓመት

እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ስለ ዝምታው ይቅርታ። ማብራሪያ የለኝም፣ አንቺም አትጠይቂኝ። ስንገናኝ ትሰድቢኛለሽ፣ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። እናትሽን ባለፈው ሰኞ ገበያ አግኝቻቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው። አሁንም "ያቺ ልጅ ወፈረች ወይ?" ይሉኛል። "ወፍራለች" ብያቸዋለሁ፣ እንዳታጋልጪኝ።

የዛሬው ጉዳይ ሌላ ነው። ትንሿ እህቴ በርገን፣ ኖርዌይ ልትመጣ ነው! አዎ፣ አንቺ ጋ። ያቺ ፌስታል አናቷ ላይ አጥልቃ ከሆጤ ሽቅብ ስትከተለን የነበረችው። ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት፣ ስኮላርሺፑም ተሳካ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ትበራለች። እማዬ እልልታዋን አቅልጣ ሰፈሩን ሰበሰበች። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ፣ ጎረቤት ዱዓ አደረገ፣ የንስሐ አባቷም መርቀው ሄዱ። እኔም እልል አልኩ። ማታ ግን ስልኬን ከፍቼ የከተማሽን አየር ወር በወር ማየት ጀመርኩ። እንቅልፌ የጠፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

እስቲ አስቢው። ከደሴ የምትነሳው ክረምቱ ሲብስበት ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ሐረጎ መንገድ ላይ መኪናው በቀን መብራት አብርቶ ሲሄድ። እኛ ነሐሴን የምንችለው ከኋላው መስከረም እንዳለ ስለምናውቅ ነው። ብራ ይሆናል፣ አደይ ይፈነዳል፣ የተከማቸው ልብስ ታጥቦ ይደርቃል። እናንተ ጋ ዋናው ዝናብ የሚመጣው ያኔ ነው። የመስከረማችሁ ዝናብ ከኛ ነሐሴ የሚተናነስ አይደለም። ጥቅምትም፣ ኅዳርም፣ ታኅሣሥም፣ ጥርም እንደዚያው። ልጅቷ ከክረምት ወጥታ ክረምት ልትገባ ነው። ዘንድሮ መስከረም የላትም በይው። ይሄን ለእማዬ ምን ብዬ ልንገራት?

"ዝናብ የደሴን ልጅ ምን ያደርጋታል?" ትይኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ እንደዚያ ብዬ ነበር። ግን በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ምን የሚሉት ነው? እኛ የዚያን ግማሽ ያህል ብናገኝ ነው፣ አብዛኛውንም ሐምሌና ነሐሴ ያወርዱታል። ከሁሉም ይሻላል የምትሉት ሜይ እንኳን 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ያገኛል። እዚህ በልግ ላይ እንዲህ ያለ ወር ቢመጣ ይዘፈንለታል።

ደግሞ አንድ ነገር አንብቤ ልስቅ ወይስ ላልቅስ ብዬ ቀረሁ። በ1999 ዓ.ም. ከጥቅምት 19 እስከ ጥር 13 ድረስ፣ 85 ቀን ሙሉ ሳይዘንብ ያደረበት ቀን የለም። ገናም ጥምቀትም በዝናብ አለፈ ማለት ነው። ኖኅ እንኳን የዘነበበት 40 ቀን ነው!

ነገሩ የባሕሩ ነፋስ ነው አይደል? እርጥቡን ተሸክሞ ይመጣና ተራራውን ሲወጣ ቀዝቅዞ ያራግፈዋል። እናንተ ሰባት ተራራ አለን ትላላችሁ። እኛ አንዱን ጦሳን አልቻልነውም። ሳልረሳው፣ ቤት ስትፈልጊላት ከገደል ሥር እንዳይሆን አደራ። መስከረም 4 ቀን 1998 እናንተ ጋ በአንድ ቀን ከ150 ሚሊ ሜትር በላይ ወርዶ፣ አፈሩ ተንዶ ሰው መግደሉን አይቻለሁ። ናዳ ምን እንደሆነ ለኛ ማን ይነግረናል። (አዎ፣ ቤት ፈልጊላት እያልኩሽ ነው። ከብዶኝ ነው እዚህ መሐል የወሸቅኩት። ዶርም እስክታገኝ ብቻ። ካልተመቸሽ "አይመቸኝም" በይኝ፣ አልቀየምም። ትንሽ እቀየማለሁ።)

ዝናቡስ ይሁን። የኔ ፍራቻ ጨለማው ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ በኛ ሰዓት አቆጣጠር አራት ሊሆን ሲል ወጥታ ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። እሷም ደመናው ከፈቀደላት። ያኔ በመጀመሪያው ዓመትሽ የጻፍሽልኝን መልእክት ፈልጌ አነበብኩት። "ከአልጋ መነሳት ከብዶኛል" ያልሽውን። እኔ የመለስኩልሽ የሚያስቅ ምስል ነበር። እንዴት አለፍሽው? የምር ንገሪኝ፣ አታሳምሪው። ትንሿ ስታዝን አትናገርም፣ ታውቂያታለሽ። ፀጉሯን መሥራት ስታቆም ብቻ ነው የሚታወቀው። እሱን እይልኝ።

ብርዱን በተመለከተ ከእማዬ ጋር ተጣልተናል። እሷ ሁለት ጋቢ ትያዝ ትላለች። ጥር ላይ እንኳን አማካዩ ከዜሮ በላይ ነው፣ ሞቅ ያለው የአትላንቲክ ውሃ ስላለ የሚወርደው ከበረዶ ይልቅ ዝናብ ይበዛዋል ብዬ አስረዳኋት። ጋቢ ደግሞ ጥጥ ነው፣ አንዴ ከራሰ ማን ያደርቅላታል? ሱፍ ነው የሚያስፈልጋት አልኳት። "እንግዲያው የደጋ ባና ትውሰድ" አለችኝ! በጥሬ ዕቃው እኮ ልክ ናት። ባና ደርባ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ብትወርድልሽ ግን ምን ትሆኚ ይሆን? ጃንጥላም ገዝታለች። ወጨፎ እያለ ጃንጥላ ምን ይሠራል፣ ነፋሱ ይገለብጥባታል። ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ከዚያው ይገዛ ወይስ ከዚህ?

ደላንታ ያለችው አክስቴ ደግሞ ነገሩን ስትሰማ ዓይኗ በራ። "ዓመቱን ሙሉ ከዘነበላቸው ስንት ጊዜ ያጭዳሉ?" አለችኝ። የሷ በልግ እንደነገሩ ነው ያለፈው፣ ገብሷ አጭር ሆኖ ቀረ። ከበርገን ዙሪያ ድንጋዩና ሣሩ እንደሚበዛ፣ በግ እንደሚያረቡ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና "ይህን ሁሉ ውሃ ለሣር?" አለች። ለኛ ሰማዩ ሲከለክል ነው የሚፈራው። ሲሰጥ እንዴት ይፈራል ብዬ ላስረዳት?

በይ የሚያስፈልገኝን ልጠይቅሽ። ጫማዋ ቁጥር 38 ነው፣ ውሃ የማያስገባ ቦት ከሁለተኛ እጅ ይገኛል ወይ? እማዬ በሶና ሽሮ እያዘጋጀች ነው፣ ስንት ኪሎ ቢያልፍላት ይሻላል? ላንቺም በርበሬ አለሽ። ይሄን ሳምንት መልሽልኝ፣ ገብሱ ገና አልተቆላም።