የፊዚክስ ክበብ ዓመት፦ ፀጉርን በብርሃን ስንለካ

ስለ ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን ብዙ አልጽፍም። አባላት መዘገብን፣ አመራር መረጥን፣ በሚኒ ሚዲያ ጥያቄና መልስ አቀረብን። ለሁለተኛው ሴሚስተር ያቀድነው ኤግዚቢሽን በጀት ስላጣ ቀርቷል።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሄድንበት ቀን ነው። የያዝነው ሁለት የእጅ ሌዘር፣ ሜትርና ጠመኔ ብቻ ነበር። ክፍሉ አልጨልም ቢለን ልጆቹ ጋቢያቸውን እያወለቁ መስኮቱ ላይ ሰቀሉልን። የጠዋቱ ብርድ ገና አልለቀቀም ነበር።

አንዲት የ11ኛ ክፍል አባላችን ከራሷ አንዲት ፀጉር ነቅላ ቀዩ ሌዘር ፊት ወጠረች። 5 ሜትር ርቆ ካለው ግድግዳ ላይ ብሩህና ጨለማ መስመሮች ተደረደሩ። ጨለማዎቹን በጠመኔ ምልክት አደረገችባቸው። ከዚያ ሌላ ምንም ሳታነቃንቅ አረንጓዴውን ሌዘር አበራች። መስመሮቹ ተጠጋጉ፤ ከጠመኔው ምልክት ጋር አልገጠሙም።

«እትዬ፣ ፀጉሩን ቀየርሽው እንዴ?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ።

ልመልስለት ስል ቀደመችኝ። «አልነካሁትም። ቀለሙ ብቻ ነው የተቀየረው። ና ራስህ ሞክረው!»

ልጁ ሌዘሮቹን እያፈራረቀ አበራ። እሷም አጠገቡ ተንበርክካ አስረዳችው። የቀዩ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 650 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ ነው፤ የአረንጓዴው 532። ፀጉር እንደ ቀጭን ስንጥቅ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ሞገዱ በረዘመ ቁጥር መስመሮቹ ይራራቃሉ። በቀዩ 4፣ በአረንጓዴው 3.3 ሴንቲሜትር ገደማ ተራራቁ። የሞገድ ርዝመቱን በግድግዳው ርቀት አባዝታ በመስመሮቹ መራራቅ ስታካፍል የፀጉሯ ውፍረት በሁለቱም ቀለም 0.08 ሚሊሜትር ገደማ መጣ። እንባዬ ነው የመጣው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቶማስ ያንግም ከ200 ዓመት በፊት የሱፍ ክር ውፍረት የለካው በዚሁ በብርሃን መበተን ነው።

«ሌዘር ጨዋታ ነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ማስመሪያ የማይደርስበትን ነገር የለካ ተማሪ አልተጫወተም። ሌዘሩ ዓይን ላይ እንዳይበራም በጥብቅ ተከታትለናል።

ሌዘሮቹ የተገዙት ከአባላት በተዋጣ ብር ነው። ቤተ ሙከራችን ደግሞ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆኖ ቆይቷል። ወላጆች፣ የወላጅ መምህር ህብረት (ወመህ) አባላት፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፦ ክፍሉ ይለቀቅልን። ጥቁር የመጋረጃ ጨርቅና ስፋታቸው የታወቀ ቀጫጭን ስንጥቆች ያሉባቸው የሙከራ ስላይዶች ግዙልን። መጋረጃውን ሰፍተን የምንሰቅለው እኛው ነን።