ቴልማና ሉዊዝ፣ እኔና ጓደኛዬ፣ የደንገጎ ዳገት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው ሰሞን በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ «ቴልማና ሉዊዝ» ፊልም አጭር ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። ደስ ብሎኝ ማንበብ ጀመርኩ። «ከባሎቻቸው ያመለጡ ሁለት ሴቶች» የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

ባል ያላት ቴልማ ብቻ ናት። ሉዊዝ አላገባችም። ምግብ ቤት አስተናጋጅ ናት፤ ጂሚ የሚባል ፍቅረኛ አላት። ደግሞ ከቤት ሲነሱ ከማንም እያመለጡ አልነበረም። ቅዳሜና እሁድን ተራራ ላይ ሊያሳልፉ፣ ዓሣ ሊያጠምዱ ነው የወጡት። መንገዱ ሽሽት የሆነው በኋላ ነው። አንድ ሰው መኪና ማቆሚያ ላይ ቴልማን ሊደፍራት ሲታገል ሉዊዝ ደርሳ አስጣለቻት። ሰውየው አፉን አልዘጋም። ተኩሳ ገደለችው።

የጽሑፋችሁ ስህተት ትንሽ ትመስላለች። ለእኔ ግን የፊልሙን ልብ ነው የሳተችው። ስለዚህ ልጻፍላችሁ አልኩ።

ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። ደርግ ሊወድቅ አራት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ያን ሳምንት እኛ ስለ ፊልም የምናስብበት ጊዜ አልነበረም። ያየሁት አምና ነው፣ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ቤቴ፣ ከጓደኛዬ ጋር። ልጄ በፍላሽ አምጥታው እየተረጎመችልን አየነው። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ነው። የጻፈችው ግን ሴት ናት፤ ካሊ ኩሪ ትባላለች። የመጀመሪያ የፊልም ድርሰቷ ሲሆን ኦስካር አሸልሟታል። ቴልማን ጂና ዴቪስ፣ ሉዊዝን ሱዛን ሳራንደን ሆነው ይሠራሉ። ሁለቱም በዚሁ ፊልም ለኦስካር ታጭተዋል።

መጀመሪያ ላይ አዋቂዋ ሉዊዝ ናት። ልብሷን አጣጥፋ፣ ሁሉን አሰናድታ ነው የምትወጣው። ቴልማ ባሏን ማስፈቀድ ፈርታ ማስታወሻ ብቻ ትታለት የመጣች ናት። ከዚያ ጄ.ዲ. የሚሉት ወጣት የሉዊዝን የቁጠባ ገንዘብ ይዞ ጠፋ። ሉዊዝ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ «ተነሺ» ያለቻት ያቺ ፈሪዋ ቴልማ ናት። በኋላ ሱቅ መዝረፏን እያመሰገንኩ አይደለም። አንዷ ስትዝል ሌላዋ ሸክሙን መቀበሏ ነው የገረመኝ። ቴልማ እኮ ያን ጉልበት ከየትም አላመጣችውም። ውስጧ ነበር፤ ቤት ውስጥ የሚጠይቃት ጠፍቶ ነው እንጂ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ከኦክላሆማ ወደሚሸሹባት ሜክሲኮ የሚወስደው አጭሩ መንገድ በቴክሳስ በኩል ነው። ሉዊዝ በቴክሳስ አላልፍም አለች። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው አትናገርም። ቴልማ ግን መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ደረሰችበት። ልጄ እዚህ ጋ ስትደርስ መተርጎሙ ከበዳት። ጓደኛዬ «ተይው፣ ገብቶኛል» አለቻት።

ለምን እንደገባት ላውጋችሁ። ፈቅዳልኛለች።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ልጄ ታማብኝ ነበር። ከዳነችልኝ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ በእግሬ እሄዳለሁ ብዬ ተሳልኩ። ዳነችልኝ። ጓደኛዬ ሙስሊም ናት። «ብቻሽንማ አትሄጂም አቦ!» ብላ ተነሳች። ለባሏ የነገረችው የእኔን ስለት ነው። የራሷ ጉዳይ ቢሆን አፏን ሞልታ አትጠይቅም ነበር። እኛ ጋ ሴት መንገድ የምትወጣው ምክንያት ሲኖራት ነው። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ሐኪም ቤት፣ ንግድ፣ ስለት። «እንዲሁ ልሂድ» ብትል ማን ይሰማታል? ቴልማ እንኳን፣ በዚያ በአሜሪካ፣ ለሁለት ቀን ዓሣ ማጥመድ ባሏን ደፍራ መጠየቅ አቅቷታል።

ከድሬ ወደ ቁልቢ በሚያወጣው ደንገጎ ዳገት ላይ ሌሊት ሆነብን። ብርዱ ከድሬ ጋር አይገናኝም። ከታች የከተማው መብራት ይታያል። ሌሎች ተሳላሚዎች እየዘመሩ ያልፉናል። ጓደኛዬ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ ማውራት ጀመረች። አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤታሞች ነበርን። ቡና ላይ ተለያይተን አናውቅም። ያን ሌሊት የነገረችኝን ግን አንድም ቀን አንስታው አታውቅም ነበር። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፈውም። እኔ ደግሞ ድሮም ጠርጥሬ ነበር። የማላውቅ መስዬ ነው የኖርኩት። ይህንንም ያን ሌሊት ነገርኳት።

ቡና ላይ ስንት ጆሮ አለ። አማት አለች፣ ልጅ አለ፣ ደጅ የሚያልፍ ሰው አለ። መንገድ ላይ ሁለታችሁም የምታዩት ወደፊት ነው። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ መናገር ይቀላል። ፊልሙን የጻፈችው ሴት ይህን ታውቃለች። መኪናዋን ያን ያህል የምታስነዳቸው ፖሊስ ስለሚያሳድዳቸው ብቻ አይመስለኝም።

መጨረሻውን የሚነቅፉ አሉ። ገደል አፋፍ ላይ በፖሊስ ተከበው እጅ አንሰጥም ብለው ነዱት። መኪናዋ አየር ላይ እንዳለች ምስሉ ይቆማል። እኔም ቢኖሩልኝ እወድ ነበር። ግን ስለ ገደሉ ስንከራከር ከዚያ በፊት የተጓዙትን ሁሉ እንዳንረሳው እፈራለሁ።

ለፊልም ሠሪዎቻችንም በጋዜጣችሁ በኩል አንድ ነገር ልበል። ባየኋቸው የአማርኛ ፊልሞች ሁለት ሴቶች የሚገናኙት ብዙ ጊዜ በአንድ ወንድ ሊጣሉ ነው። የድሬ ሴቶች በድሮው ባቡር ጅቡቲ ድንበር ላይ እስካለችው ደወሌ ሲነግዱ ኖረዋል። ኬላው፣ ሙቀቱ፣ የዕቃው መደበቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ወሬው። ከእነዚያ ሴቶች ሁለቱን ብቻ አንድ ፉርጎ ውስጥ አስቀምጣችሁ አሳዩን። በሕይወት ያሉትን እናቶች ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ ብዙ ይነግሯችኋል።

ጓደኛዬ ዛሬ ጅጅጋ እየተመላለሰች ጨርቅ ትነግዳለች። ብቻዋን ነው የምትሄደው። ያን ጊዜ ቁልቢ ደርሰን እኔ ጃንጥላዬን አስገባሁ። እሷ ከግቢው ውጭ ዕቃዬን ይዛ ጠበቀችኝ። በመልሱ ሚኒባስ አገኘን። ረዳቱ «እናቶች ወደ ኋላ» አለን። እሷ የፊቱን በር ከፍታ ጋቢና ገባች፤ እኔንም ጎትታ አስገባችኝ። እስከ ድሬ ድረስ መስኮቱን አልዘጋችውም።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ