ደቃቋ ባልጩት ብቻዋን ቢላ አይደለችም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጥንት አዳኞች ባወጣችሁት ጽሑፍ ደቃቃዎቹ የባልጩት ስለቶች እያንዳንዳቸው እንደ ሙሉ ቢላ ተቆጥረዋል። አይደሉም፤ ብዙዎቹ የፍላጻ ክፍሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1951 በደቡብ ስዊድን ሎሹልት ከረግረግ የወጣው ፍላጻ ሁለት ስለቶችን በሙጫ እንደያዘ ነው የተገኘው፤ አንዷ ጫፉ ላይ ለመውጋት፣ ሌላዋ ጎኑ ላይ ቁስሉን ለማስፋት።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። ከባልጩቱ ጠባብና ቀጭን ስንጣሪ ይፈለጣል። አንዱ ጠርዙ ድንጋይ ላይ ተደግፎ በጥቂት በጥቂቱ እየተሸረፈ ይሰረጎዳል፤ ስርጉዱ ላይ ጫን ሲሉት በሰያፍ ይሰበራል። ስርጉዱ ጥልቀት ካነሰው ግን ስብራቱ አግድም ይሄድና ሹል ጫፍ አይገኝም። ቀጥሎ ጀርባው ሆን ተብሎ ይደነዝዛል፤ ሙጫ ሻካራ ነገር ይወዳል፣ ስለታም ጀርባ ደግሞ እንጨቱን ይሰነጥቃል። የሚቆርጠውን ጠርዝ ማንም አይነካውም። የዛፍ ሙጫ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚፈረካከስ ሰም ቢጨመርበት ይሻላል፤ አብዝተው ካፈሉትም ይሰባበራል።

ከጽሑፉ ጋር ባወጣችሁት ፎቶ በስተቀኝ ያለችው፣ የስርጉዱ ምልክት ያለባት ቁራጭ፣ የሥራው ውዳቂ ናት። (የቀድሞ ተመራማሪዎችም መሣሪያ መስሏቸው ነበርና አይፈረድባችሁም።) ስለቱ እዚያው ቦታ መሠራቱን የምትመሰክረው ግን እሷ ናት፤ በቁፋሮ የወጣውን አፈር ቀዳዳው በሰፋ ወንፊት ካበጠሩት ግን አብራው ታመልጣለች።